የዶን ኤሊሴኦ ፍላሽና አሥራ አንዱ ጤና ኬላዎች

መርከብ በዘገየበት ወደብ ላይ የማይገናኝ ሰው የለም። የዚያን ቀን የማራኞን ወንዝ ውሃው ጎድሎ ነበርና፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ትነሳለች የተባለችው መርከብ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ከናውታ ጭቃ አልተላቀቀችም። ዶን ኤሊሴኦ ታማኒ ትልቅ ካርቶን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው የሰው ሙዝ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ባለሙዟ በየደቂቃው «ኧረ ተነሱልኝ፣ ሙዜን ጨፈለቁት!» ትላለች። እሳቸውም «ተፈጭቶ ለሚጠጣው ቻፖ መጨፍለቁ አይቀር፤ ሥራ አቀለልኩልሽ እንጂ ምን በደልኩሽ?» ይሏታል።

«ፓድሪኖ! ዛሬም በሰው ሙዝ ላይ ነው የሚቀመጡት?»

ቀና ሲሉ የክርስትና ልጃቸው ኔይዳ ሙራያሪ ቆማለች። ኢኪቶስ ከተማ ሄዳ የኮምፒውተር ትምህርት ከጨረሰች ሁለት ዓመቷ ነው። እዚያው ሥራ ይዛ ነበር፤ አሁን እናቷን ልትጠይቅ ወደ ወንዙ ላይኛ ክፍል መሄዷ ነው። ዶን ኤሊሴኦ ካርቶኑን ሳይለቁ በአንድ እጃቸው አቀፏት። ሲስሟት አንገታቸው ላይ ከማርያም ሜዳሊያ ጋር በአንድ ክር የታሰረች ጥቁር ፍላሽ ጉንጯን ጠቅ አደረገቻት።

ስለዚህች ፍላሽ ሳልናገር ታሪኩን መቀጠል አይሆንም። ዶን ኤሊሴኦ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በወንዙ ዳር ለተበተኑ አሥራ አንድ ጤና ኬላዎች ኮምፒውተር የሚጠግኑ፣ አዳዲስ የመዝገብና የቫይረስ መከላከያ አፕዴት የሚያደርሱ ሰው ናቸው። ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደው አፕዴቱን በፍላሿ ይቀዳሉ፤ ከዚያ በመርከብ፣ መርከብ ከማይገባበትም በታንኳ፣ ከኬላ ኬላ እየዞሩ በየኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ተስማምቻለሁ፣ ጨርስ» የሚለውን በገዛ ጣታቸው ይጫናሉ። አንዱ ዙር ሦስት ወር ይፈጃል። የሄዱበት ቤት ሁሉ ዓሣ ይጠበስላቸዋል፤ ጎረቤቱም የተበላሸ ሬዲዮውን ይዞ ይሰለፋል። ክብራቸውም እንጀራቸውም ይኸው ዙር ነው።

መርከቧ ስትነሳ ሁለቱም ከጣሪያው የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋቸውን ጎን ለጎን አሰሩ። ካርቶኑን ከመሃላቸው አስቀመጡት።

«ምንድን ነው እንደ ሕፃን የታቀፉት?» አለች ኔይዳ።

«የሳንታ ሪታ ኬላ ኮምፒውተር። የዶኛ ኦርፋ ነው። ታሞ ከተማ ወስጄ አሳክሜው፣ ሁሉ ነገር ተጠርጎ እንደ አዲስ ተጭኖለት ነው የምመልሰው። ዘንድሮ ምን እንደነካን እንጃ፤ አሥሩ ኬላ በአንድ ዓይነት በሽታ ተይዟል። ፎልደሩ ሁሉ ትንሽ ቀስት ትለጠፍበትና ሲከፍቱት ባዶ ነው። የሕፃናቱ የክትባት መዝገብ እዚያ ውስጥ ተቀብሯል። በላይኛው ወንዝ ደግሞ ትክትክ ገብቷል ይላሉ፤ ኦርፋ ያለ ዝርዝር የትኛውን ልጅ እንደምትወጋ ግራ ገብቷታል። ከሰኞ በፊት መድረስ አለብኝ።»

«አሥሩ አሉ እንጂ አሥራ አንዱ አላሉም።»

«አንዱ ደኅና ነው። ፑዌርቶ አሌግሬ።» ዶን ኤሊሴኦ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከዚያኛው ኬላ ኃላፊ ጋር በጥር በአንድ የእግር ኳስ ፍጹም ቅጣት ምት ተጣልተን ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩትም። ስምንት ወር ሙሉ አንድም አፕዴት አልደረሰውም። የሚገርመው እሱ ብቻ ጤነኛ ነው! እና አሁን እውነቱን ልንገርሽ? በሽታው ያለው ራሱ አፕዴቱ ውስጥ ነው የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ያረጀው ይሻላል፤ አዲስ ነገር ሁሉ በረከት አይደለም።»

ኔይዳ ከተጋደመችበት ተነሥታ ቁጭ አለች። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ ዓይኗ የሚፈጥ ልጅ ናት። ትንሽ ሆና የሬዲዮ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ የእሳቸውን ሬዲዮ ፈታታ ደብቃው ነበር።

«ፓድሪኖ፣ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለፈው ዓመት በየኬላው ጣሪያ ላይ የሳተላይት ሳህን ተተክሏል አይደል? ለምን በእሱ አይወርድም? ኮምፒውተሩ ራሱ አውርዶ ራሱ እንዲጭን የሚያደርግ ስክሪፕት አለ። ማንም አጠገቡ መቀመጥ የለበትም።»

«ስክሪፕት የምትይው ምንድን ነው?»

«የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። እርስዎ ለልጅ ‹ሱቅ ሂድ፣ ዘይት ካለ ጠይቅ፣ ካለ ግዛ፣ ከሌለ ተመለስ› ብለው ወረቀት ላይ እንደሚጽፉለት ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በተባለው ሰዓት ያንን ያነብና መስመር በመስመር ይፈጽማል።»

ዶን ኤሊሴኦ በሳቅ አልጋቸው ተወዛወዘ። «ሰው በሌለበት ቤት በሩን ራሱ ከፍቶ እንግዳ የሚያስገባ! ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም? እኔ እያየሁ፣ እያነበብኩ፣ ‹ተስማምቻለሁ› ብዬ ነው የማስገባው።»

«ያነቡታል?»

«...አላነበውም።» ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ማን ያነበዋል? እሱን ያነበበ ሰው እስካሁን አልተወለደም።»

«እንግዲያው እርስዎም ሳያዩ ነው የሚያስገቡት። ስክሪፕቱ ግን ያያል። አንደኛ፣ ከጽሕፈት ቤቱና ፕሮግራሙን ከሠሩት ሰዎች አድራሻ በቀር ከሌላ ቦታ አያመጣም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ፋይል እንደ ሰው የራሱ አሻራ አለው። ባለቤቶቹ የፋይሉን አሻራ አስቀድመው ያስታውቃሉ፤ የወረደው ፋይል አሻራው አንዲት ፊደል ከተለየ ስክሪፕቱ ሳይከፍት ይጥለዋል። እርስዎ በዓይንዎ አይተው ይህን መለየት ይችላሉ?»

«አልችልም» አሉ። ይህን ማለት ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። ሆኖም ወዲያው ሌላ መሰናክል አመጡ። «እሺ ይሁን። ዝናብ ሲጥል ኢንተርኔቱ እንደሚቆረጥ ረስተሻል። ግማሹ ወርዶ ግማሹ ሰማይ ላይ ሲቀር ምን ይሆናል?»

«ከቆመበት ይቀጥላል። እንደ ሰው ‹ተውኩት› አይልም፤ ቢቆረጥ መቶ ጊዜ ይሞክራል። የሚሠራውም ሰው ሳህኑን በማይጠቀምበት ሰዓት ነው።»

«እኔስ?»

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ነበር። «እሱን አላውቅም» አለች ኔይዳ። በትምህርት የሠለጠነ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ መሣሪያው ጠንቅቆ ይናገርና እዚህ ላይ ሲደርስ ምላሱ ይተሳሰራል። ኔይዳ ግን ቢያንስ የማታውቀውን አወቅሁ አላለችም። በእኔ ዘንድ ይህ ራሱ ትምህርት ነው።

ከቀትር በኋላ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ዶሮ ገዝተው አብረው በሉ። ኔይዳ ስትበላም ሐሳቧ ከፑዌርቶ አሌግሬ አልወጣም። በመጨረሻ ጣቷን ልሳ፣ «ወደዚያ ኬላ ያልገባው አፕዴቱ ብቻ ነው?» አለች።

«ሌላ ምን ይገባል?»

«እርስዎ አልገቡም። ፍላሿም አልገባችም።»

ዶን ኤሊሴኦ አኘኩና ዋጡ። «ምን ለማለት ነው?»

«ገና አላውቅም። እንሞክረው?»

ከቦርሳዋ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አወጣች። «ነገ ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ የምጭንበት ነው፤ ቢታመምም አያሳዝነኝም» አለች። ቀጥላም ከከተማ የገዛቻትን አዲስ ፍላሽ ሰክታ ሦስት ፎልደር ሠራችና ስም እንዲያወጡላቸው ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የሚወዷቸውን ሦስት ዓሦች ጠሩ፦ ፓይቼ፣ ጋሚታና፣ ቦኪቺኮ። ፍላሿን ነቅላ መልሳ ሰካች፤ ሦስቱም እንዳሉ ናቸው። ደግማ ነቅላ ሰካች፤ አሁንም ደኅና ናቸው።

«አሁን የእርስዎን ይስኩና ሁልጊዜ እንደሚከፍቷት ይክፈቷት።»

ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው፣ ሜዳሊያዋ ወደ ጎን እንድትውል አድርገው ሰኩና ከፈቱ። ምንም የተለየ ነገር አልታየም። «አየሽ?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። ኔይዳ የእሳቸውን ነቅላ የራሷን መለሰች።

ፓይቼ ላይ ቀስት ተለጥፎባታል። ጋሚታናም ላይ፤ ቦኪቺኮም ላይ።

«ምናልባት የመርከቡ መብራት ይሆናል» አሉ። ኔይዳ አልተከራከረችም፤ የራሷን ፍላሽ ስልኳ ላይ ሰክታ ይዘቷን ካጠፋች በኋላ፣ ሙከራውን ለመድገም ጎረቤት አልጋ ላይ ካለ ተሳፋሪ ሌላ ላፕቶፕ ለመነች። ባለቤቱ አስተማሪ ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ፣ «የእኔን? አልሰጥም!» ብሎ ላፕቶፑን ከሸሚዙ ሥር ደበቀው። ዶን ኤሊሴኦ ሰውየውን ትክ ብለው አዩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የየኬላው ሴት ሁሉ «ኑ፣ ግቡ» እያለች በሩን ስትከፍትላቸው፣ ይህ የማያውቁት ሰው ግን ከፍላሻቸው ሸሸ። ከኔይዳ ማስረጃ ይልቅ ያሳመናቸው ይህ ነበር።

«ከየት ያዛት?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሌላ የት ይሰኳታል?»

«በየወሩ ሪፖርቴን የማተምበት ወደቡ ጋ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ።»

«እዚያ ኮምፒውተር ላይ በቀን ሃምሳ ፍላሽ ይሰካል።» ኔይዳ ይህን ያለችው በዝግታና በርኅራኄ ነው። «ስለዚህ ፓድሪኖ፣ አፕዴቱ ምንም አላጠፋም። መድኃኒቱንና በሽታውን በአንድ ኮረጆ ነው ያዞሩት። መድኃኒቱም ሦስት ወር መንገድ ላይ ሲከርም ያረጃል፤ ይህ ቫይረስ ከመድኃኒቱ ይልቅ አዲስ ነበር፤ የኬላዎቹ መከላከያ አላወቀውም። ፑዌርቶ አሌግሬም ጤነኛ የሆነው በሩ ጠንክሮ ሳይሆን ማንም ስላላንኳኳው ነው። አንድ ቀን አንድ ፍላሽ የገባ ዕለት ከሁሉም ብሶ ይወድቃል።»

ዶን ኤሊሴኦ ፍላሿን በእጃቸው አገላበጡ። ካርቶኑን አዩት። ሳንታ ሪታ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ይህችን ፍላሽ እዚያ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ነበር። በራሳቸው አፈሩ። «አሁን ለኦርፋ ምን እላታለሁ?» አሉ። «በሽታው ከከተማው አፕዴት ጋር መጣ ብል ማንም አይጠይቀኝም።»

«አዎ፣ ማንም አይጠይቅዎትም» አለች ኔይዳ።

አገሩ ሁሉ ካፈርኩ አይመልሰኝ በሚል ሰው ሞልቷል። ዶን ኤሊሴኦም ሌሊቱን ሲያመነቱ አድረው፣ በማግሥቱ ጠዋት ከኔይዳ ጋር ሳንታ ሪታ ወርደው የኬላውን የእንጨት ደረጃ ሲወጡ እንኳ ምን እንደሚሉ አልወሰኑም ነበር። ዶኛ ኦርፋ ካናዮ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀች ነበር። በእጇ በእርሳስ የተሞላና የተሰረዘ የተማሪ ደብተር ይዛለች።

«እንኳን ደህና መጡ ዶን ኤሊሴኦ! ሁለት ወር ከቤት ቤት እየዞርኩ የልጅ ስም ስለቅም ከሳሁ። አምጡት፣ ይሰካ!»

«ዶኛ ኦርፋ» አሉ ካርቶኑን ሳያስቀምጡ፣ «በሽታውን ያመጣሁብዎት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሯት፤ ስለ ዓሦቹም፣ ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ ላፕቶፑን ስለደበቀው አስተማሪም። ኦርፋ ፊቷ ተለዋወጠ። «አንድ ሕፃን ትክትክ ይዞት ሁለት ሳምንት ሲያስል አብሬው አደርኩ» አለች። «ስሙ ደብተሬ ላይ አልነበረም። እናቱ እርሻ ሄዳ ቤቱን ዘግታው ስለነበር አመለጠኝ። ተርፏል፤ ግን ባይተርፍስ?»

«እውነትዎን ነው» አሉ።

ኦርፋ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ተቀመጠች። ቁጣዋ ቶሎ አልበረደም፤ ግን ፍርድ አዋቂ ሴት ናት። «እኔ ሥራ ስጀምር» አለች ከቆይታ በኋላ፣ «መርፌ እየቀቀልን ለሰው ሁሉ በአንድ መርፌ እንወጋ ነበር። ውሃው መፍላቱን አይተን ንጹሕ ነው እንላለን። አንድ ቀን አሠልጣኝ መጥታ ‹አንዱ መርፌ ለአንድ ሰው› ስትለን ሰደብናት። ስድብ ምን አደረገልን? የድሮውን መርፌ ተውነው። እርስዎም ፍላሿን ይተዉ። አሁን ይቺ ልጅ መድኃኒቱን ታውቃለች?»

«ታውቃለች። እኔ ግን ከመጫኑ በፊት እያንዳንዱን መስመር ላውቀው እፈልጋለሁ።»

ኔይዳ ኮምፒውተሩን ተክላ ስክሪፕቱን ጻፈች፤ ሃያ መስመር ያህል ነበር። ዶን ኤሊሴኦ መነጽራቸውን አድርገው «ይሄስ ምን ይላል? ይሄኛውስ?» እያሉ አስነበቧት። የመጀመሪያው መስመር በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ይናገራል። ቀጣዩ ከጽሕፈት ቤቱ አድራሻ አዲስ ነገር መኖሩን ይጠይቃል፤ ከሌለ ተመልሶ ይተኛል። ካለ ያወርዳል፣ አሻራውን ያመሳክራል፣ ማንንም ሳይጠይቅ በጸጥታ ይጭናል፤ መጨረሻ ላይ ያደረገውን በአንድ መስመር ጽፎ ወደ ከተማ ይልካል።

«ሰባት ሰዓት ሌሊት ይላል፤ ለአሥራ አንዱም ነው?»

«ለሁሉም፤ አንድ ዓይነት ይሻላል።»

«አይሻልም!» ዶን ኤሊሴኦ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ሁሉም በአንድ ሰዓት አፉን ከከፈተ የጽሕፈት ቤቱ ቀጭን መስመር ለማን ይበቃል? አንዱን ከአንዱ ግማሽ ሰዓት አራርቂው። ደግሞ ሳን ሮኬ ቅዳሜ ጀነሬተሩን ለጸሎት ቤቱ ያውሰዋል፤ ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ሙት ነው። ኑዌቮ ትሪዩንፎ በፀሐይ ባትሪ ነው የሚሠራው፤ ዝናብ የዋለ ለታ ሌሊት ባትሪው ያልቃል፤ መሃል ላይ ቢጠፋበት ግማሽ የተጫነ ፕሮግራም ይቀርበታል። መጀመሪያ ባትሪውን እንዲጠይቅ አድርጊው፤ ካነሰ ይተወው፣ ለነገ ያቆየው።»

ኔይዳ ከኪቦርዱ ቀና አለች። «ይህን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ዘጠኝ ዓመት ዓሣ የበላሁት በከንቱ መሰለሽ?»

ሲመሽ ስክሪፕቱ አርባ መስመር ደርሶ ነበር። ግማሹ ከትምህርት ቤት የመጣ፣ ግማሹም ከወንዙ ነው። ጠዋት ኦርፋ ኬላውን ስትከፍት መከላከያውም መዝገቡም ታድሷል፤ ከተማ ከተቀመጠው ቅጂ የወረደው የሕፃናት ዝርዝርም ተከፈተ።

ዶን ኤሊሴኦ የመጨረሻውን ዙራቸውን አደረጉ፤ ፑዌርቶ አሌግሬንም አልዘለሉ። በዚህኛው ዙር ስክሪፕቱንና የቫይረስ ማጽጃውን የያዙት በሲዲ ነበር፤ ሲዲ አንዴ ከተጻፈ ማንም ሊጨምርበት አይችልምና በሽታ ከኬላ ኬላ አይሸከምም። በአሥሩም ደጃፍ ያንኑ ቃል ተናገሩ፤ አንዳንዱ ሳቀባቸው፣ አንዷም ዓሣውን ሳትጠብስላቸው ሸኘቻቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጥቅም በጥቂቱ ልናገር። ሦስት ወር ይፈጅ የነበረው አፕዴት አሥራ አንዱን ኬላ በአንድ ሌሊት ይደርሳል። ኮምፒውተር ሲታመም ከተማ ያሉት በማግሥቱ ያውቃሉ፤ ሪፖርት ያልላከው ኬላ ብቻ ሰው ይሄድለታል። ለነዳጅ ይወጣ በነበረው ገንዘብ የክትባት በረዶ ሣጥን ተገዛ። ሣጥኑን ማን ያድርስ ሲባል፣ እያንዳንዱን ጠጠርና አሸዋ ከሚያውቁት ከዶን ኤሊሴኦ የተሻለ አልተገኘም። ኔይዳ ያን ቀን በመርከቡ ላይ ያልመለሰችው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ። መሣሪያ የሰውን እጅ ሲያሳርፍ፣ ያረፈውን እጅ ወደሚያስፈልግበት ማዞር የአስተዋይ አስተዳዳሪ ፋንታ ነው፤ ይህ ያልታሰበበት ለውጥ ግን ሰውን ያስቀይማል፣ ቢያስቀይምም አልፈርድበትም።

በቀጣዩ ዓመት በመስከረም ወር፣ በአንድ ዓርብ ዕለት ዶን ኤሊሴኦ ሣጥኑን ይዘው ሳንታ ሪታ ደረሱ። ዶኛ ኦርፋ አዲስ የታተመ ዝርዝር በእጇ ይዛ ታጉረመርማለች። ትክትኩ ባልጠፋባቸው መንደሮች ሕፃናቱ አንድ ክትባት እንዲጨመርላቸው ጽሕፈት ቤቱ ወስኖ ኖሮ፣ አዲሱ ሕግ ሌሊት ከመዝገቡ ጋር ወርዷል። ትናንት «ጨርሰዋል» የተባሉ ስድስት ልጆች ዛሬ ዝርዝሩ ላይ ናቸው። አምስቱ እዚያው መንደር ናቸው። ስድስተኛዋ ሉሲያና፣ ከወንዙ ማዶ በታንኳ ሁለት ሰዓት የምትርቅ የማሪቤል ልጅ ናት።

«በረዶው እስከ ማታ ነው የሚቆየው» አለች ኦርፋ።

ዶን ኤሊሴኦ ወደ ታንኳው ደረጃውን ወረዱ።

ማሪቤል ካሳቫ ስትልጥ አገኟት። ልጅቷ ከሥሯ ጭቃ ታቦካለች። ነገሩን ሲነግሯት እናቲቱ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ምነው ዶን ኤሊሴኦ፣ በሰኔ ጨርሳለች ተብዬ አልነበር?»

«ያ የድሮው ነው። አዲሱ ትናንት ሌሊት መጣ።»

«ታዲያ እርስዎ ዛሬ ገና መድረስዎ ነው፤» አለች ግራ ገብቷት፣ «አፕዴቱን ማን አመጣው?»

«ማንም አላመጣው፤ ራሱ ነው የመጣው» አሉና ጎንበስ ብለው ልጅቷን ከነጭቃዋ አነሷት። «እኔ የመጣሁት እሷን ልወስድ ነው። ተነሽ፣ ፀሐዩ ሳይገፋ እንሂድ።»